በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ፦ ችግርና መፍትሄ

የካሊፎርኒያ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና በደቡብ ከዴና ፖይንት ተነሥቶ በሰሜን ሌጌት እስከምትባለው ትንሽ ቦታ ድረስ 1,056 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከዚህ ሁሉ ርዝመት ነጂውን የሚስበውም ዕቅዱን የሚያፈርሰውም በካርሜልና በሳን ሲሚዮን መካከል ያለው፣ ቢግ ሰር በመባል የሚታወቀው 145 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል ነው። ይህ መመሪያ ከኦክላንድ ወይም ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተው ወደ ሎስ አንጀለስ ለሚወርዱ፣ ሞተር መንዳት የሚያውቁ ቢሆንም በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። መንገድ ላይ የሚገጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ቤት ተቀምጦ በወጣው ዕቅድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ ይመለሳል፤ መፍትሄውም በተቻለ መጠን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሊደረግ የሚችል ነው።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ የዕለቱ መንገድ ግን ገና አልተጋመሰም

ምክንያቱ ጉዞው በማይል መታቀዱ ነው። ከኦክላንድ አካባቢ እስከ ሎስ አንጀለስ ኢንተርስቴት በሚባለው ባለ አምስት ቁጥር ፈጣን አውራ ጎዳና ስድስት ሰዓት ያህል ስለሚበቃ፣ ብዙ ሰው በባሕሩ በኩል ያለው መንገድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቢጨምር ነው ብሎ ይገምታል፤ ጓደኞቹንም ለዚያው ምሽት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ለእራት ይቀጥራል። በተግባር ግን ከሞንተሬይ እስከ ሞሮ ቤይ ያለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻውን፣ ሳይቆሙ ቢነዱት እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ያለውና ተከታታይ ኩርባ የበዛበት ነው፤ ከፊት የሚሄደው ትልቅ የመኝታ መኪና ሲሆን ደግሞ ማለፊያ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሁሉም በእርሱ ፍጥነት ይጓዛል። የግዛቱ ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ ያስከተለ ዝግተኛ ነጂ በተዘጋጀው መቆሚያ ገብቶ እንዲያሳልፍ ያዝዛል፤ ይህን የማያውቅ የኪራይ መኪና ነጂ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ሞልቷል።

መፍትሄው ጉዞውን በሰዓትና በቀን ብርሃን መክፈል ነው። ሦስት ቀን ተስማሚ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በሃፍ ሙን ቤይና በሳንታ ክሩዝ በኩል እስከ ሞንተሬይ፣ በሁለተኛው ከሞንተሬይ እስከ ካምብሪያ ወይም ሞሮ ቤይ፣ በሦስተኛው ደግሞ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖና በሳንታ ባርባራ በኩል እስከ ሎስ አንጀለስ መጓዝ ይቻላል። ሁለተኛው ቀን በርቀት አጭር ሆኖ ሳለ ቀኑን በሙሉ የሚወስደው እርሱ ነው፤ ስለዚህ በጧት ይጀመር። በሰኔ አጋማሽ በዚህ አካባቢ ከ14 ሰዓት በላይ የቀን ብርሃን ሲኖር በታኅሣሥ ግን 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለበጋ የወጣ ዕቅድ ለክረምት አይሠራም። ማደሪያንም በሚመለከት፣ የመንግሥት ፓርኮች የድንኳን ቦታ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ፣ ቢግ ሰር ውስጥ ለማደር የሚፈልግ ሰው ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ አለበት። ቦታ ካልተገኘ ሳን ሲሚዮንና ካምብሪያ ያሉት ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ በዋጋም ይሻላሉ።

ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ባሕሩን ትቶ ወደ ውስጥ ያዞራል፤ ወይም መንገዱ በአጥር ተዘግቶ ይገኛል

ይህ ምልክት ሲታይ ብዙዎች ካርታው ተሳስቷል ብለው ወደፊት ይቀጥላሉ። ካርታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። መንገዱ የተቆረጠው ከሳንታ ሉሲያ ተራሮች ግርጌ፣ ዐለቱ በተሰባበረበትና ቁልቁለቱ እስከ ውኃው በሚወርድበት ስፍራ ነው፤ ማዕበሉ ከሥር ይሸረሽራል፣ የክረምቱ ዝናብ ከላይ ያርሰዋል፣ የሰደድ እሳት ደግሞ አፈሩን የያዘውን ዕፅዋት ይወስዳል። በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. መድ ክሪክ ላይ የወረደው ናዳ መንገዱን ከ1 ዓመት በላይ ዘግቶ በጁላይ 2018 ነው የተከፈተው። በጃንዋሪ 2021 ራት ክሪክ ላይ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እሳት ከበላው ተራራ የወረደው ጎርፍና ጭቃ አስፋልቱን ከሥሩ ቆርጦ ወደ ባሕር ወስዶታል። በ2023 እና በ2024 ደግሞ በሌሎች ቦታዎች ናዳ ወርዶ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። በደቡብም በኩል ቢሆን፣ በማሊቡ የሚያልፈው ክፍል በጃንዋሪ 2025 ከተነሣው እሳት በኋላ ለወራት ለሕዝብ ዝግ ነበር። ስለዚህ መዘጋቱን እንደ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን እንደ መንገዱ ጠባይ ቆጥሮ ማቀድ ያስፈልጋል።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው፣ ማደሪያ ከመያዙ በፊት፣ በመነሻው ዋዜማና በሁለተኛው ቀን ጧት ካልትራንስ የተባለው የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ኩዊክማፕ የተሰኘ ካርታ መመልከት ነው፤ ሌሎች ካርታዎች ሊዘገዩ ይችላሉ፣ ይህኛው ግን ከባለቤቱ የሚመጣ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚዘነጋው፣ መውጫዎቹን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከሞንተሬይ በ68 ቁጥር መንገድ ወደ ሳሊናስ፣ ከዚያ በ101 ወደ ደቡብ፣ ከቴምፕልተን ደግሞ በ46 ቁጥር ወደ ካምብሪያ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ዙር ሳይቆሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የ46 ቁጥር ምዕራባዊ ክፍል በኮረብታ ላይ የሚሄድና ከላይ ሆኖ ባሕሩን የሚያሳይ ስለሆነ፣ እንደ ቅጣት የሚታይ አይደለም፤ እንዲያውም በእኔ አስተያየት ለሞተር ከማሊቡው መንገድ ይሻላል። መሐል ላይ ወደ ውስጥ የሚያሻግረው ናሲሚየንቶ ፈርጉሰን የተባለው ጠባብ የተራራ መንገድ ግን እርሱም ከእሳትና ከዝናብ በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ስለሆነ፣ ክፍት መሆኑን በዚያው ዕለት ያላረጋገጠ ሰው እንደ መውጫ አይቁጠረው። ቢግ ሰር መሐል ለመሐል ከተቆረጠ ደግሞ ጉዞውን ከመሰረዝ ይልቅ ከሁለቱም ጫፍ መጎብኘት ይቻላል፤ ከሰሜን በኩል በ1932 የተጠናቀቀውን የቢክስቢ ድልድይ አይቶ መመለስ፣ ከደቡብ በኩል ደግሞ ፒዬድራስ ብላንካስ ዳርቻ ላይ የሚተኙትን ግዙፍ የባሕር እንስሳት ማየት ለአንድ ቀን ይበቃል።

ሞተሩ በፍጥነት ላይ ይወላገዳል፤ መሪው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል

ነፋሱን ከመውቀስ በፊት ጭነቱን መመርመር ያስፈልጋል። ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ከባድ ሣጥን የፊተኛውን ጎማ ያቀልለዋል፤ ቀልሎ የሚሄድ የፊት ጎማ ደግሞ መሪውን ያንቀጠቅጣል። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም የጥገና መሣሪያ፣ ውኃና የካሜራ ዕቃ፣ በጎን ሣጥኖች ውስጥ ወደ ታችና ወደ ነጂው ተጠግቶ በሁለቱም ወገን በእኩል ክብደት ይቀመጥ፤ ከላይ የሚታሰረው ልብስና የመኝታ ከረጢት ብቻ ይሁን። የጎማው ነፋስ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ ጭነት ለያዘ ጉዞ በተጻፈው ልክ ይሞላ፤ የኋለኛው ሱስፔንሽንም ለተጨመረው ክብደት ይጠንክር። ይህ ሁሉ ተደርጎ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ የመሪው አንገት ኩሽኔታ ወይም የጎማው ሚዛን ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ሳያየው ረጅም መንገድ አይጀመር።

ነፋሱም ቢሆን ድርሻ አለው። በዚህ ዳርቻ የሚበረታው ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ሲሆን፣ በተለይ በፀደይ ወራት ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል፤ ድልድይ ላይ ሲደርሱና ከተራራ ከለላ ሲወጡ በድንገት ከጎን ይመታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ የሚመረጠው ነፋሱ በአመዛኙ ከኋላ ስለሚሆን ነው፤ በዚህ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው በባሕሩ በኩል ባለው ረድፍ ስለሚሄድ ወደ መመልከቻዎቹ ለመግባትም ከፊት የሚመጣውን መኪና መቁረጥ አያስፈልገውም። ኃይለኛ ነፋስ ሲመታ መሪውን አጥብቆ መያዝ ያባብሰዋል፤ ፍጥነትን ቀንሶ፣ ክንድን ዘና አድርጎ ሞተሩ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ይሻላል።

ኩርባ ላይ ሞተሩ ከረድፉ ይወጣል

አንደኛው ምክንያት ፍጥነት ነው፦ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሆኗል። ሁለተኛው ዓይን ነው፤ ነጂው ባሕሩን እያየ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ሦስተኛው ድካም ሲሆን ምልክቱ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው የመንዳት ሰዓት መብዛቱ ነው። ፍሬኑ ቀጥታ ላይ ሳሉ ይያዝ፣ ማርሹም እዚያው ይቀነስ፤ ዓይን ኩርባው የሚያልቅበትን ቦታ ይፈልግ። በቢጫ ሰሌዳ የተጻፈው ፍጥነት ምክር እንጂ ሕጋዊ ወሰን አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጭነት ለያዘ ሞተር ምክሩን መስማት ተገቢ ነው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከገደሉ የወረደ ጠጠር በነጂው ረድፍ ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ የማይታይ ኩርባ ውስጥ በሙሉ ማዘንበል መግባት አይገባም። ባሕሩን ማየት የፈለገ ሰው ይቁም፤ መቆሚያው ብዙ ነው።

በበጋ መሐል እጅ ይደነዝዛል፤ የሄልሜቱ መስታወት በጉም ይሸፈናል

ካሊፎርኒያ ማለት ፀሐይ ነው የሚለው ግምት ለዚህ ዳርቻ በሰኔና በሐምሌ አይሠራም። ቀዝቃዛው የፓሲፊክ ውኃ ከላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ዝቅ ያለ ደመና ይፈጠራል፤ ውስጥ በፓሶ ሮብልስ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ በሚሆንበት ቀን ዳርቻው ላይ ከ15 ዲግሪ ላይበልጥ ይችላል፤ በፍጥነት ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ቅዝቃዜ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ዘግይቶ ስለሚይዝ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነፋስ የማያሳልፍ ሽፋን፣ ከሥሩ ሊወልቅ የሚችል ሙቀት የሚይዝ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ጓንትና ለመስታወቱ ጉም መከላከያ ይያዝ። ጊዜውን መምረጥ የሚችል ሰው ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን ይምረጥ፤ ያን ጊዜ ጭጋጉ ይቀንሳል፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስላበቃም መንገዱ ላይ መኪና ይቀንሳል። እንቁጣጣሽ የሚውለው በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ለበዓሉ ሎስ አንጀለስ ካሉ ዘመዶች ጋር ለመዋል ያሰበ ሰው ሁለቱን ማገናኘት ይችላል።

የነዳጁ መብራት በርቷል፤ ማደያ ግን አይታይም

ከካርሜል ከወጡ በኋላ ያሉት ማደያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ በቢግ ሰር መንደር አካባቢ፣ በጎርዳ፣ በራግድ ፖይንት። የጎርዳው በዋጋ ውድነቱ በአገር ደረጃ ይታወቃል። ታንካቸው 8 ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ አንዳንድ ሞተሮች በአንድ ሙሌት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄዱ፣ መንገዱ ተዘግቶ መመለስ ቢያስፈልግ በቂ አይሆኑም። ካርሜል ላይ እስከ አፉ ይሞላ፤ ቢግ ሰር መንደር ላይ ደግሞ ግማሽ ቢኖርም ይጨመር።

ካቴናው ይንኳኳል፤ ባትሪው ጧት አይነሣም

ካቴናው በጨዋማው ጭጋግ ቅባቱን ያጣል፣ በጭነቱም ውጥረቱ ይለወጣል። ሁልጊዜ ማታ፣ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ይቀባ፤ ውጥረቱም በመጽሐፉ ልክ ይታይ። ባትሪውን የሚያዳክመው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጓንት፣ ስልክና ተጨማሪ መብራት በአንድነት መሰካታቸው ወይም ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መሳባቸው ነው፤ ከቁልፉ ጋር አብሮ በሚጠፋ መስመር ይታሰሩ።

የኪራይ ድርጅቱ ሞተሩን አልሰጥም ይላል

የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር አይበቃም፤ ካሊፎርኒያ ኤም 1 የተባለውን ፈቃድ ትጠይቃለች። የመለማመጃ ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ሌላ ሰው ማፈናጠጥ፣ በሌሊት መንዳትና ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መግባት ስለማይፈቀድለት ይህን ጉዞ ሊያደርግ አይችልም። ሄልሜት ለነጂውም ለተፈናጣጩም ከ1992 ጀምሮ ግዴታ ነው። በመኪኖች ረድፍ መካከል ማለፍ ከ2017 ጀምሮ በሕግ ታውቋል፤ ይህ ግን በአብዛኞቹ ሌሎች ግዛቶች እንደማይሠራ ከዚያ የሚመጡ ጓደኞች ይወቁ። የጎልደን ጌትን ድልድይ ወደ ከተማው ለሚሻገር ሰው ክፍያው በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በሰሌዳው ይመዘገባል፣ የኪራይ ድርጅትም ብዙ ጊዜ የራሱን ጨምሮ ይልከዋል።

አንዱ ሞተር ከኋላ ቀርቷል፤ ስልክም አይሠራም

በቢግ ሰር ሰፊ ክፍል የስልክ ኔትወርክ የለም፤ በቡድን የሚጓዙ ሰዎች ግን "እንደዋወላለን" ብለው ይለያያሉ። ከመነሣት በፊት በየ40 ወይም 50 ኪሎ ሜትሩ መገናኛ ቦታ በስም ይወሰን፤ ለምሳሌ ቢግ ሰር መንደር፣ ጎርዳ፣ ራግድ ፖይንት። ልምድ ያለው ነጂ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ የጥገና መሣሪያውና የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃውም እርሱ ጋር ይቀመጥ፤ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያለው ሰው ካለ ቦታው እዚያው ኋላ ነው። ካርታው አስቀድሞ በስልክ ላይ ይውረድ። ሞተር የተበላሸበት ሰው ደግሞ ከመንገዱ ዳር የተተከሉትን ትንንሽ ነጭ ምልክቶች ይፈልግ፤ በእነርሱ ላይ የአውራጃው ምህጻረ ቃል፣ የመንገዱ ቁጥርና ከአውራጃው ድንበር ያለው ርቀት በማይል ተጽፏል። ያንን በወረቀት ጽፎ ወደ ኔትወርክ ለሚያመራ መኪና መስጠት ይገባል፤ የሚቀበለው ሰው ወደ አስቸኳይ ርዳታ ቁጥር 911 ደውሎ የተጻፈውን ሲያነብ ርዳታ ሰጪዎቹ የት እንደሚመጡ በትክክል ያውቃሉ።