የዶሜይን ስማችሁ አልሠራ ሲል

መመዝገቢያው ስሙን አልቀበልም ይላል

ዶሜይን ማለት ሰው ድረ ገጻችሁን ለማግኘት የሚጽፈው አድራሻ ነው፣ መመዝገቢያው ደግሞ ስሙን የምትገዙበት ድርጅት። «ተይዟል» ካላችሁ ያው ሌላ ስም ነው የሚፈለገው። «ልክ አይደለም» ካላችሁ ግን ጥፋቱ አጻጻፉ ላይ ነው። የሚፈቀዱት የላቲን ፊደላት፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮችና ሰረዝ (-) ናቸው፤ የግዕዝ ፊደልን ለብቻው ከታች እናየዋለን። ክፍት ቦታና አንደርስኮር (ከታች የሚሰመረው «_») አይገቡም። ሰረዝም ቢሆን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አይቀመጥም። ከነጥቡ በፊት ያለው ስም ከ63 ምልክት አይበልጥም። 63 የሞላ ስም ያሰበ ሰው ካለ ግን ችግሩ ሌላ ነው። በትልቁም በትንሹም ፊደል ብትጽፉት አንድ ነው፣ በዚህ አትጨነቁ።

ሰዎች አድራሻውን ጽፈው ሌላ ቦታ ይገባሉ

ይሄኛው ነው ዋናው ራስ ምታት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአማርኛ ቃል በላቲን ሲጻፍ ነው። «ፀሐይ»ን እንይ። አንዱ «ቲ ኤስ» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው «ቲ ዜድ»፣ ለሦስተኛው «ኤስ» ብቻዋን ትበቃዋለች። መጨረሻው ላይስ «ዋይ» ነው «አይ»? እናንተ አንዱን ገዝታችኋል፣ ደንበኛው ሌላውን ይጽፋል። ኢሜይሉም እንደዚያው፤ ወይ ተመልሶ ይመጣል ወይ የማታውቁት ሰው ጋ ይገባል።

ቁጥርና ሰረዝም ያው ናቸው። ስሙን በስልክ ስትናገሩ «መሃሉ ላይ ሰረዝ አለ፣ ሁለቱ ደግሞ በቁጥር ነው» ማለት ካስፈለጋችሁ አለቀ፣ ግማሹ ሰው ይስታል። ሁለት ቃል ስታጣብቁም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው በ«ኤስ» አልቆ ቀጣዩ በ«ኤስ» ከጀመረ አንዷ መዋጧ አይቀርም።

መፍትሄው ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ለሦስት ሰው ደውሉ፣ ስሙን አንዴ ብቻ ተናገሩ፣ የጻፉትን በቴክስት ይላኩላችሁ። ሦስት ዓይነት ከመጣ ስሙን ተዉት። ቀድሞ ከተገዛና መተው ካልቻላችሁ የሚያሳስቱትን አጻጻፎችም ግዙና ወደ ዋናው አድራሻ እንዲመሩ አድርጉ።

በግዕዝ ፊደል የያዝነው ስም ዝብርቅርቁ ወጣ

«ኤክስ ኤን» ብሎ ሁለት ሰረዝ ካስከተለ (xn--) አልተጠለፋችሁም። የኢንተርኔቱ የስም መዝገብ የሚሠራው በላቲን ስለሆነ ሌላውን ፊደል ሁሉ ፑኒኮድ በሚባል ዘዴ ይቀይረዋል። ብራውዘሩ አንዳንዴ መልሶ በግዕዝ ያሳየዋል፣ አንዳንዴ ማጭበርበር እንዳይሆን ብሎ እንዳለ ይተወዋል። ፀሐይ እዚህም አለቀቀችንም፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሃይ» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የእኔ ምርጫ ላቲኑን ዋና አድርጎ የግዕዙን በተጨማሪ መያዝ ነው።

ድረ ገጹ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም

መጀመሪያ የእድሳት ቀኑን እዩ። ካላለፈ ስትመዘገቡ የተላከውን የማረጋገጫ ኢሜይል ፈልጉ። እንደ ዶት ኮም ባሉት ስሞች በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል። ለምዝገባው የሰጣችሁት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ስር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቀይሩት። ዶሜይኑ ሲቆም ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል፣ የማስጠንቀቂያው መልእክት የሚላከው ግን ወደዚያው ነው።