ከአፈር ሙቀት ልኬት ተነስቶ የመሬትን ሙቀት አስተላላፊነት ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር አጠገብ አዘዞ ሜዳ ላይ ሁለት የሙቀት ሴንሰር ቀብሮ፣ ለሳምንት መረጃ ሰብስቦ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እያሰሉ የአፈሩን ባሕርይ ማወቅ ይቻላል። ስሌቱ ግን የተበላሸ መረጃ ሲገባበት አያማርርም፤ ዝም ብሎ ቁጥር ያወጣል።

ትልቁ ስህተት ከሙቀት መጠን ብቻ አስተላላፊነትን አገኛለሁ ማለት ነው። በሙቀት ስርጭት ቀመር ውስጥ አስተላላፊነት ብቻውን አይመጣም፤ ሁልጊዜ ለአፈሩ ሙቀት የመያዝ አቅም ተካፍሎ ነው። ሁለቱንም በእጥፍ ቢያሳድጓቸው የሙቀቱ ኩርባ ንቅንቅ አይልም። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም ሁለቱን ለየብቻ ከሰጠዎት አንደኛው የመጣው ከመሬቱ ሳይሆን ራስዎ ካስገቡት መነሻ ግምት ነው።

መውጫው እንዲህ ነው። በ10 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የዕለቱ የሙቀት ሞገድ ከፍታ (ከአማካዩ እስከ ጫፉ) 4.0 እና 1.7 ዲግሪ ነው እንበል። የሁለቱ ውድር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 0.856 ነው። የርቀቱን ካሬ፣ 0.01፣ በዕለቱ ማዕዘናዊ ፍጥነት፣ 0.0000727፣ አባዝተው ለሎጋሪዝሙ ካሬ እጥፍ ሲያካፍሉ በሰከንድ 0.0000005 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ የስርጭት መጠኑ፣ ማለትም አስተላላፊነቱ ለሙቀት የመያዝ አቅሙ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ከዚያ ከዚያው ጉድጓድ ይዘቱ የታወቀ ናሙና አውጥተው ይመዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያድርቁ፣ እንደገና ይመዝኑ። ከይዘቱ ግማሹ ጠጣር፣ አንድ አምስተኛው ውኃ ከሆነ፣ 0.5 በ1.92 (የጠጣሩ ሙቀት የመያዝ አቅም) እና 0.2 በ4.18 (የውኃው) ተባዝተው ሲደመሩ በሜትር ኩብ በዲግሪ 1.8 ሜጋ ጁል ይሆናል። ሁለቱ ውጤቶች ሲባዙ አስተላላፊነቱ በሜትር በዲግሪ 0.9 ዋት ነው።

የዓመቱን ሞገድ መምረጥም ያሳስታል። የበጋ እና የክረምት ሙቀታቸው እጅግ በሚራራቅ አገሮች ያዋጣል፤ ጎንደር ላይ ግን የወራቱ አማካይ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። እዚህ የሚያዋጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው። ይህ ሞገድ ከላይ ባለው አፈር በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። ላይ 10 ዲግሪ የነበረው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ 0.14 ብቻ ይቀረዋል፤ ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር የሚለየው ትንሹ እርከን ደግሞ 0.0625 ነው። ከ5 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

የጥልቀት ልኬትን መናቅ። ርቀቱ በካሬ ስለሚገባ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት ውጤቱን 20 በመቶ ያዛባል። ሴንሰሩን በተሞላው አፈር ውስጥ ሳይሆን ባልተነካው የጉድጓድ ግድግዳ ላይ አግድም ይሰኩት። በዋልካ ላይ ደግሞ ጥር ላይ የሚከፈተውን ስንጥቅ ይሽሹ፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ሴንሰር የሚለካው አየር ነው።

ሴንሰርን በፈላ ውኃ ማመሳከር። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 100 ብሎ መሙላት አይቻልም። የሚቀልጥ በረዶ ያለበት ውኃ ግን እዚህም 0 ነው።

ሰዓትም አለ። አንዱ ሎገር (ልኬቱን የሚመዘግበው መሣሪያ) በግሪንዊች፣ ሌላው በአገራችን ሰዓት ከተሞላ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ በሁለቱ ጥልቀቶች መካከል ያለው የሞገዱ መዘግየት ራሱ 3 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ነው! በእጅ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ በአገራችን ሰዓት በተሞላው ሎገር ላይ 8:00 ነው።

ዝናብ የጣለበትን ቀን አብሮ ማስላት። የሚሰርገው ውኃ ሙቀትን ይዞ ይወርዳል፣ ቀመሩ ግን ይህን አያውቅም። ለመለየት የስርጭት መጠኑን በሁለት መንገድ ያውጡ፤ አንዴ ከሞገዱ ከፍታ፣ አንዴ ከመዘግየቱ። ከተራራቁ ወይ ውኃ ይንቀሳቀሳል፣ ወይ አፈሩ ንብርብር ነው፤ በዚህ ጊዜ አማካያቸውን መውሰድ ችግሩን መሸፈን ነው።

በመጨረሻ፣ በሦስት ሴንሰር አሥር ንብርብር መፈለግ። ኩርባው ከሴንሰሩ የመለካት ስህተት በታች እስኪገጥም ከተገፋ ስሌቱ ጫጫታውን (የልኬቱን የዘፈቀደ መዋዠቅ) መተርጎም ይጀምራል፤ ቀሪው ልዩነት ከዚያ ስህተት ጋር ሲተካከል ያቁሙ። ፕሮግራሙን በሰው ሠራሽ መረጃ ሲፈትሹም መረጃውን በ0.5 ሴንቲ ሜትር ፍርግርግ (ጥልቀቱ ለስሌት የሚከፋፈልበት እርከን) ያመንጩ፣ 0.06 ዲግሪ ያህል ጫጫታ ይጨምሩበት፣ የኋልዮሹን ስሌት ግን በ2 ሴንቲ ሜትር ያካሂዱ። በአንድ ዓይነት ፍርግርግ ከተሠራ መልሱ ሁልጊዜ ያምራል።