ኢተርኔት ያለውን ቦርድ ወደ ፋብሪካ ከመላካችሁ በፊት

ሙቀት ለክቶ በኔትወርክ ኬብል (ኢተርኔት) የሚልክ የመጀመሪያው ቦርዴ ጠረጴዛዬ ላይ ስድስት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ 40 አሠርቼ ሆለታ አካባቢ ባለ የአበባ እርሻ ማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ ገጠምኩ። አንዱ ሙቀት ሲልክ ሌላው ዝም ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስፈትሽ ቆየሁ። ጥፋቱ ግን ኬብሉ ላይ አልነበረም። 40ውም ቦርድ አንድ ዓይነት ማክ አድራሻ (አንድ መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ነበረው፤ ከአርዱዊኖ (ለጀማሪዎች የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ምሳሌ ኮድ የገለበጥኩት፣ «ዴድ ቢፍ ፊድ» ተብሎ የሚነበበው።

ቦርዱ አንድ ብቻ ሲሆን ይህ ስህተት አይታይም። ሲበዙ ግን ስዊቹ፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ማከፋፈያ፣ ያንኑ አድራሻ አንዴ በዚህ ወደብ፣ አንዴ በዚያ ያየዋል። መልእክቱን ወዴት እንደሚልክ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ። እኔ የምጠቀምበት ደብልዩ5500 የተባለው የኢተርኔት ቺፕ የራሱ ማክ አድራሻ የለውም፤ ቦርዱ ሲነሳ የሚሰጠው ፕሮግራማችሁ ነው። ቦርዱ ላይ የማይክሮቺፕን 24ኤኤ02ኢ48 ጨምሩ። ትንሽ ሜሞሪ ናት፤ የማይደገም አድራሻ ተጽፎባት ነው የምትመጣው። ከ250 እስከ 255 ያሉትን 6 ባይቶች አንብቦ ለቺፑ መስጠት ብቻ ነው። ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ እንዳትዘሏት።

ቀጥሎ ቦም የምንለው የዕቃ ዝርዝር ነው። በሁለተኛው ዙር ሼንዘን ያለው ገጣጣሚ «ክሪስታሉ አልቋል፣ ሌላ 25 ሜጋኸርዝ እናድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክሪስታል ለቺፑ የሰዓት ምት የሚሰጥ ዕቃ ነው። ቸኩዬ እሺ አልኩ። የኔው በትክክል እንዲመታ 18 ፒኮፋራድ ጭነት (ካፓሲታንስ) የሚፈልግ ነበር፣ የተተካው 8። ጎኑ ያሉት ሁለት ካፓሲተሮች ግን ያው 27 ሆነው ቀሩ። የምቱ ፍጥነት ወረደ። ኢተርኔት የሚፈቅደው ስህተት ከሚሊዮን 50 ብቻ ስለሆነ አንዱ ስዊች ላይ የሊንክ መብራቱ ይበራል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ አይበራም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከክሪስታሉ ጭነት ላይ የቦርዱን የራሱን 5 ፒኮፋራድ ገደማ ቀንሱና በሁለት አባዙት። 18 ሲቀነስ 5፣ 13፤ እጥፉ 26። ገበያ ላይ ቅርቡ 27 ነው። ቦሙ ላይ «25 ሜጋኸርዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የአምራቹን ስም፣ ሙሉ የዕቃ ቁጥሩንና ጭነቱን ጻፉ፤ አጠገቡም «መቀየር አይቻልም» በሉ። ደብልዩ5500 የሚፈልጋት 12.4 ኪሎኦም፣ 1 ፐርሰንት የሆነችው ሬዚስተርም እንዲሁ።

ስለ መስመሮቹ ብዙ አልልም። ባለ አራት ሌየር (የመዳብ ንብርብር) ቦርድ ተጠቀሙ። የኢተርኔት ጥንድ መስመሮች 100 ኦም እንዲሆኑ ስፋታቸውን ፋብሪካው በሚሰጣችሁ የሌየር ውፍረት አስሉ። ከኢተርኔት ትራንስፎርመሩ ሥር የግራውንድ መዳብ አታሳልፉ።

ገርበሩን (የቦርዱን ንድፍ ፋይሎች)፣ ቦሙንና የዕቃዎቹን አቀማመጥ ፋይል ስትልኩ፣ ገጣጣሚው ከብየዳ በፊት የአቀማመጡን ምስል እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የእያንዳንዱን ቺፕ አንደኛ እግር በዓይናችሁ አረጋግጡ። ዲዛይን የሠራንበት ሶፍትዌርና የነሱ ማሽን ስለ አቅጣጫ ሁልጊዜ አይስማሙም። መጀመሪያ 5 ብቻ አሠሩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባ ከሆነ እርጥበት መከላከያ ቀቡት፤ አርጄ45 ሶኬቱን ግን በቴፕ ሸፍኑት፣ ቀለሙ የውስጥ ሽቦዎቹን ከነካ ግንኙነት ያበላሻል።

ፍተሻው ላይ አንድ ነገር አደራ። ቦርዱ ለፒንግ («አለህ?» ለሚል የኔትወርክ ጥያቄ) መለሰ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ደብልዩ5500 አድራሻ አንዴ ከተሰጠው ለፒንግ ራሱ ይመልሳል። ፕሮግራማችሁ ቆሞ እንኳ ይመልሳል! እኔ አሁን በቲሲፒ ዳታ ልኬ ያንኑ ዳታ መልሼ እቀበላለሁ፣ ለ10 ደቂቃ፣ በ100 ሜትር ኬብል። በአንድ ሜትር ኬብል ያለፈ ቦርድ እዚያ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ያለፈውን ቦርድ ማክ አድራሻ አትሙና ከሳጥኑ ውጪ ለጥፉ። ከእርሻው ሲደወልልኝ መጀመሪያ «ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» ነው የምለው።