ፕሮቲን ስትራክቸር ላይ የማይለቁን ስህተቶች (የመጀመሪያው በተለይ ያቃጥለኛል)

ባለፈው ቅዳሜ የማስጠናቸው ሁለት ልጆች ፈተና ጨረስን ብለው ጣና ዳር ዓሳ ጋበዙኝ። ቆሮሶ ጥብስ ቀርቦ ገና እየጀመርን አንዱ «ቲቸር፣ ዲናቹሬሽን (የፕሮቲን ቅርጽ መፍረስ) እኮ መጣ፣ አሪፍ አድርጌ ሰራሁት» አለኝ። ምን ብለህ መለስክ? «ሙቀት ፕሮቲኑን ወደ አሚኖ አሲድ ይበትነዋል»። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ይሄን ነገር ስንቴ እንዳስተማርኩት ሳስበው ይደክመኛል። እስኪ ፊትህ ያለውን ዓሳ እየው አልኩት፣ ጥሬው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚያሟልጭ ነበር፣ አሁን ነጭ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ግን የተለወጠው ቅርጹ ነው እንጂ አሚኖ አሲዶቹን በሰንሰለት የያዛቸው ፔፕታይድ ቦንድ አልተበጠሰም። ሙቀቱ የፈታው ሃይድሮጅን ቦንዱንና ሌሎቹን ደካማ መያዣዎች ነው። ስለዚህ ሰከንደሪው (የሰንሰለቱ ክፍሎች መጠቅለል)፣ ተርሸሪው (የሙሉ ሰንሰለቱ እጥፋት)፣ ካለም ኳተርናሪው (የብዙ ሰንሰለቶች መገጣጠም) ይፈርሳል፣ ፕራይመሪው (የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል) ቁጭ ብሎ ይቀራል። ጥሬ ዓሳ ሎሚ ውስጥ ብታቆየው እኮ ያለ እሳትም ነጭ ይሆናል። ሰንሰለቱን የምር ለመበጠስ ላብራቶሪ ውስጥ 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ110 ዲግሪ 24 ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ መጥበሻ ላይ አስር ደቂቃ የቆየ ዓሳ ከየት አምጥቶ ይበተናል? የሚበትነው ከዋጥከው በኋላ ያለው ነው፣ ፔፕሲን፣ ትሪፕሲን፣ እነዚያ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች። ያ ዳይጀሽን ይባላል፣ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ማርክ ነው።

አንፊንሰን የሚባል ሰውዬ 124 አሚኖ አሲድ ያላትን ራይቦኑክሊየዝ የምትባል ኢንዛይም በዩሪያና ዳይሰልፋይድ ቦንድ (ሁለት ሰልፈር የሚያያይዘውን) በሚፈታ ኬሚካል አፈራርሶ፣ ኬሚካሎቹን ሲያወጣላት በራሷ ተጣጥፋ ወደ ስራዋ ተመለሰች፣ 1972 ላይ ኖቤል የተካፈለው በዚህ ስራው ነው። ሰንሰለቷ ተበታትኖ ቢሆን ምኗ ይመለስ ነበር? «ታዲያ የተቀቀለ እንቁላል ለምን አይመለስም?» አለኝ ሌላኛው፣ ይሄ ጎበዝ ነው። የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ስለሚወሳሰቡ ነው፣ የተበታተነ የጥጥ ክር አንዴ ከተቋጠረ ማን ይፈታዋል።

ሁለተኛው ስህተት አልፋ ሄሊክስ ላይ ነው፣ ሰከንደሪ ላይ ሰንሰለቱ እንደ ጥቅልል ሽቦ የሚዞርበት ቅርጽ። «ሳይድ ቼይኖቹ (ከየአሚኖ አሲዱ ወደ ጎን የሚወጡት) ተያይዘው ይጠቀልሉታል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አይደለም! የሚይዘው ባክቦኑ፣ ዋናው ሰንሰለት፣ ራሱ ነው፣ የአንዱ አሚኖ አሲድ ሲ-ኦ አራት ቤት ወደፊት ቆጥሮ ያለውን ኤን-ኤች ይይዛል፣ አንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ ይሆናል፣ ሳይድ ቼይኖቹ ወደ ውጭ ነው የሚቆሙት። ፕሮሊን የምትባለው አሚኖ አሲድ መሃል ስትገባ የምታጣምመውም አንዱ ምክንያት ናይትሮጅኗ ላይ የምትሰጠው ሃይድሮጅን ስለሌላት ነው። ሳይድ ቼይን ዋና ስራው ተርሸሪ ላይ ነው፣ እዛ ጠብቁት።

የትኛው ቦንድ እንደተነካ መለየት ሴቶቹ ተማሪዎቼን ቶሎ የሚገባቸው በፀጉር ሳስረዳቸው ነው። ጠዋት ፒያስትራ የተደረገ ፀጉር ክረምት ላይ የባህር ዳር ዝናብ አንዴ ሲነካው ተመልሶ ይጠቀለላል አይደል፣ ሙቀቱ የነካው የኬራቲኑን (የፀጉሩን ፕሮቲን) ሃይድሮጅን ቦንድ ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ይፈታና እንደገና በድሮው ቦታ ይይዛል። ሪላክሰር የተቀባ ግን ዳይሰልፋይድ ቦንዱ ስለተነካ ዝናብ አይመልሰውም፣ አዲስ ፀጉር እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ቦንዱን ሳትለዩ «ቦንድ ተበጠሰ» ብቻ ከጻፋችሁ እኔ ማርክ አልሰጥም።

«ኢሴንሻል አሚኖ አሲድ ማለት ከሌሎቹ የበለጠ ጠቃሚ ማለት ነው»፣ አይደለም፣ ሰውነታችን ስለማይሰራቸው ከምግብ የግድ የምናገኛቸው 9ኙ ናቸው። ከነሱ መሃል እንጀራ ላይሲን ያንሰዋል፣ ሽሮ ደግሞ ላይሲን አላት ሜታዮኒን ያንሳታል፣ አብራችሁ ስትበሉ ተሟሉ።

ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) የሚነበበው ከአሚኖው ጫፍ ወደ ካርቦክሲሉ ነው፣ አትገልብጡት፣ «ሰማ» ከኋላ ሲነበብ «ማሰ» ነው።

ፒኤች 7 ላይ ኤንኤች2 እና ሲኦኦኤች ብሎ ቻርጅ የሌለው አሚኖ አሲድ የሚስል ተማሪ፣ እባካችሁ፣ አሚኖው ኤንኤች3 ፕላስ፣ ካርቦክሲሉ ሲኦኦ ማይነስ።

የመጨረሻው የራሴም ስለሆነ ብዙ አልጮህም። ሁሉም ፕሮቲን ኳተርናሪ አለው ብሎ ማሰብ። ሂሞግሎቢን አለው፣ 141 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት አልፋና 146 ያላቸው ሁለት ቤታ፣ አራት ሰንሰለት። ማዮግሎቢን ግን አንድ ሰንሰለት ነው፣ ተርሸሪ ላይ ያበቃል። እኔ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ክፍል ፊት ቆሜ በሙሉ ልብ ማዮግሎቢንም ኳተርናሪ አለው፣ አንደኛው ግሎቢን ሁለተኛው ሂም፣ ብዬ አስረዳሁ። መምህሬ አልተቆጣም፣ «ሂም ስንት አሚኖ አሲድ አለው?» አለኝ በቀስታ። ዝም አልኩ፣ ምንም የለውማ፣ ብረት የያዘ ቀለበት ነገር ነው እንጂ ፕሮቲን አይደለም። ዛሬ እኔም አዲስ ተማሪ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ እወረውራለሁ፣ ግማሾቹ ቁጥር ይጠሩልኛል።