ቮልሳችሁን ከክረምት ዝገት ለማዳን

የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ስለ ሞተር ብዙ አይጨነቅ። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ቦዲው ከበሰበሰ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻዋ የድሮ ሞዴል ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ደግሞ ከዚያ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ። እነዚህን መኪኖች የሚጨርሳቸው የሄዱት መንገድ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ ነው።

ሥራው ሁለት ሦስት ደረቅ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ጀምሩት። ሰኔ ከገባ እነዚያን ቀኖች አታገኟቸውም።

መጀመሪያ ላቫጆ ውሰዷትና ሥሯ በኃይለኛ ውሃ ይታጠብ። ፓራፋንጎዎቹ (የጎማዎቹ ጭቃ መከላከያዎች) ውስጥ፣ በተለይ ከፊት መብራቶቹ ጀርባ፣ የዓመት ጭቃ ተጋግሮ ታገኛላችሁ። ያ ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ በእጅም ቢሆን ተፍቆ ይውጣ። አጣቢው ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ከሥር ልርጭ ካለ እምቢ በሉ። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ አልወደውም። ጎማ የሆነውን ዕቃ ሁሉ ያለሰልሳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ መኪናዋ አትቆምም።

ቀጥሎ ወንበሮቹን አውጡና ምንጣፉን አንሡ። ላዩ ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ያለው እንደ ስፖንጅ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣት ጫን በሉት።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በስተቀኝ ነው። አሲዱ ሥሩ ያለውን ላሜራ ቀስ እያለ ይበላዋል። ጓንት አድርጉና ባትሪውን አውጡ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ላሜራው ላይ አፍሱ። አረፋ ከደፈቀ አሲድ አለ ማለት ነው። አረፋው እስኪቆም ደጋግሙት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ባትሪውን ስትመልሱ ክዳኑን እንዳትረሱ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ፖል ከነካ እሳት ይነሣል። ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።

አሁን ወለሉ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

እኔ ከዓመታት በፊት ቸኩያለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጋራዥ አስገብቼ ከሥሯ ሬንጅ አስቀባሁ። ከላቫጆ እንደወጣች ነበር፣ ሳትደርቅ። ዝገቱም አልተፋቀም። ስትወጣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ አዲስ መስላ ወጣች። ሁለት ክረምት ልቤን ጥዬባት ነዳሁ። በሦስተኛው ዓመት ምንጣፉን ሳነሣ በሹፌሩ እግር በኩል ቡናማ ቅርፊት አየሁ። ካቻቢቴ ይዤ ጫን አልኩት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ሬንጁ አለ። ብረቱ ግን የለም። የቀረው ልጣጭ ነበር። ወለሉ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ወጪው ዛሬም ይቆጨኛል።

ሬንጅ በራሱ ክፉ አይደለም። እርጥብ ብረት ላይ ሲቀባ ግን ውሃውን ከውስጥ ይቆልፋል። በኋላ ሲሰነጠቅ ሌላ ውሃ ያስገባል፤ የገባው አይወጣም። ከላይ ሲያዩት ደግሞ ምንም አይታይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የታመመው ድምፁ ድፍን ነው። ድፍን ያለውን ቦታ አሮጌ ሬንጅም ቢኖርበት እስከ ብረቱ ፋቁት፣ ከዚያ በብረት ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ። ቀዳዳ ከወጣ ይበየድ። በስቱኮ እንሙላው የሚላችሁን አትስሙ፤ ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። በቲነር በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀኑን ሙሉ በሮቿ ተከፍተው ፀሐይ ይግባባት። አንቲራስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ። ከላዩ ደግሞ የዘይት ቀለም የግድ ነው። አንቲራስት ብቻውን እርጥበት ያሳልፋል፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ያቆማሉ። ሬንጅ ከፈለጋችሁ ከዚህ ሁሉ በኋላ።

ከበሮቹ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚያልፍባቸው ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ቦዮች አሉ። የሚዝጉት ከውስጥ ስለሆነ ብሩሽ አይደርስባቸውም። ረጅም ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ ለቦዲ የሚሆን ፈሳሽ ሰም አስገቡባቸው። ማሞቂያውን ስትከፍቱ ለጥቂት ቀን ይሸታል፤ መስኮት ከፍታችሁ ንዱ።

በሮቹም ከታች ጠርዛቸው ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው። ቀለም ቀቢ ሳያውቅ ይደፍናቸዋል። በሽቦ ክፈቷቸው።

ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ እናንተ የፊት መስታወቱ ላይ በባልዲ ውሃ አፍሱ። ውሃ ካስገባ የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ ይለወጥ። ከፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ መለዋወጫ ጎማውን አንሡ፤ ሥሩ ያለው ጉድጓድም ይድረቅ። በብዙዎቹ ሞዴሎች የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በዚያው ጎማ ንፋስ ነው። ማጠቢያው ከደከመ መጀመሪያ ጎማውን ንፋስ አስሞሉ።

አነዳዱን በተመለከተ፣ በጣም የምፈራው የመጀመሪያውን ዝናብ ነው። የበጋው አቧራና ዘይት አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። የቮልስ ክብደት ከኋላ ነው። ኩርባ ከገባችሁ በኋላ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ በድንገት ካነሣችሁ ወይም ፍሬን ከያዛችሁ ኋላዋ ይዞራል። ፍጥነታችሁን ከኩርባው በፊት ቀንሱ።

ቮልስ ይንሳፈፋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነትነት አለው፤ ግን የተንሳፈፈ መኪና መሪ አይታዘዝም። ጎርፉ ሥር ያለው መንገድ ካልታያችሁ አትግቡ። ትንሽ ውሃ አቋርጣችሁ ስትወጡ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጥቂት ሜትር ንዱ፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ለቀናት ስታቆሟት ማርሽ አስገብታችሁ ጎማዋን በድንጋይ ደግፉ። እጅ ፍሬን እንደተያዘ ከከረመ ሸራው ከብረቱ ጋር ይጣበቃል።

ላስቲክ አታልብሷት። ከሥሩ እንፋሎት ይዞ ያድራል። ሳር ላይም አታቁሟት። ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በሮቿንና ኮፈኗን ከፍቼ ምንጣፉን አጥሩ ላይ አሰጣለሁ፤ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን።

መስከረም ሲጠባ ካቻቢቴውን ይዛችሁ ወለሉን እንደገና አንኳኩ። ቀይ ነጥብ ካያችሁ በዚያው ሳምንት ፋቁት፤ የጥፍር ያህል ሳለ በብሩሽና በትንሽ ቀለም ያልቃል።