ሄጅዋርስ አጨዋወት፦ ከመተኮሳችሁ በፊት መቆሚያ ፈልጉ

ሄጅዋርስ በየተራ የሚተኮስበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ተዋጊዎቹ ኮፍያ ያደረጉ ጃርቶች ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ የጃርት ቡድን አለው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ተራው ሲደርስ እሱም ይሞክራል። የተጋጣሚውን ጃርቶች ጨርሶ የራሱን ያተረፈ አሸነፈ።

ደሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሰነድ ኮፒ አደርጋለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሲለቀቁ ኮምፒውተሮቹን ለጨዋታ እሰጣለሁ። ይሄን ጨዋታ የመረጥኩት ነፃ ስለሆነ ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ጨዋታ ነው። በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት የግድ አይልም። በአንድ ኪቦርድ ብቻ እየተቀባበሉ ብዙ ልጆች መጫወት ይችላሉ። ለእኔ ቤት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አንዳንድ እናቶች «ደግሞ ተኩስ?» ይሉኛል። ጥያቄው ይገባኛል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ድረስ ሲመጣ እነዚህ ልጆች የእውነተኛውን ከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምተዋል። ስለዚህ ወላጆቹን አስቀምጬ ጨዋታውን አሳያቸዋለሁ። ደም የለበትም። ጃርቱ ጉልበቱ ሲያልቅ ቡፍ ብሎ ይጠፋና በቦታው ትንሽ የመቃብር ድንጋይ ይቀራል። ፍንዳታው የሚረብሸው ልጅ ካለ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። ያለ ድምፅም ጨዋታው ያው ነው። ልጁ ራሱ «አብሪልኝ» እስኪል ድረስ አልከፍተውም። እናንተም ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ።

ለመጫን ብዙ ጣጣ የለውም። ከጨዋታው የራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል። ለዊንዶውስም፣ ለሊኑክስም፣ ለማክም አለ። አንዴ ካወረዳችሁ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ላይ የምትጭኑ ከሆነ ቨርዥኑ አንድ ዓይነት ይሁን። አለበለዚያ በኔትወርክ አይገናኙም።

ጨዋታ ስትከፍቱ ቡድኖቹን ትመርጣላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የጃርት ብዛት ትወስናላችሁ። ከ1 እስከ 8 ይቻላል። እኔ አራት አራት አደርጋለሁ። ስምንት ከሆነ ጨዋታው ይንዛዛል፣ መሃል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ተራ የሚጠብቀው ልጅም ይሰለቻል። ታናሽ ከታላቅ ጋር ሲጫወት ለታናሹ አምስት፣ ለታላቁ ሦስት ጃርት ስጡ። ወይም ሁለቱን ቡድኖች አንድ ቀለም አድርጓቸው፤ ያን ጊዜ አጋሮች ይሆናሉ። ኮምፒውተሩንም ተጋጣሚ ማድረግ ይቻላል። አምስት የችሎታ ደረጃ አለው። ከደካማው ጀምሩ።

ቁልፎቹን በአንድ ምሽት ትለምዷቸዋላችሁ። በግራና በቀኝ ቀስት ትሄዳላችሁ። በላይና በታች ቀስት ታልማላችሁ። ኢንተር ወደፊት ያዘልላል፣ ባክስፔስ ወደ ላይ። ማውሱን ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ የመሣሪያው ዝርዝር ይወጣል። ስፔስ ይተኩሳል። እንደ ባዙካ (በትከሻ የሚተኮስ ሮኬት) እና እንደ ቦምብ ያሉት ላይ ስፔስን ተጭናችሁ በቆያችሁ ቁጥር የተኩሱ ጉልበት ይጨምራል፣ ስትለቁት ይሄዳል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ቁልፍ አለ። የግራውን ሺፍት ይዛችሁ ብታልሙ ማነጣጠሪያው በጣም በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ሩቅ ዒላማ ላይ ፀጉር የምታህል ልዩነት ብዙ ነች፣ ስለዚህ ሺፍትን ልመዱት።

አሁን ወደ ንፋሱ።

መስኮቱ ላይ በስተቀኝ ግርጌ የንፋስ ምልክት አለ። ወደ የት እንደሚነፍስና ምን ያህል እንደበረታ ያሳያል። በየተራው ይቀያየራል። የባዙካ ጥይት በንፋስ ይገፋል። ጀማሪ ሁሉ ዒላማውን አይቶ ይተኩሳል፣ ጥይቱ ታጥፎ ሌላ ቦታ ሲወድቅ ኮምፒውተሩን ያማል። መጀመሪያ ዓይናችሁ ንፋሱ ላይ ይረፍ፣ ቀጥሎ ዒላማው ላይ።

እኔ ልጆቹን የማስለምዳቸው እንዲህ ነው። ከሁለቱ ነገር አንዱን አትንኩት። ማለትም፣ የተኩሱን ጉልበት ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ሙሉት፣ የምትቀያይሩት ማዕዘኑን ብቻ ይሁን። ሁለቱንም አብራችሁ ከቀያየራችሁ የሳታችሁበትን ምክንያት መቼም አታውቁትም። የተበላሸ ፎቶ ኮፒ አልጥልም፤ ጀርባው ላይ ይጽፉበታል። «ንፋስ ወደ ግራ፣ ግማሽ። አፈሙዝ እኩሌታ። አለፈ።» «ንፋስ ወደ ግራ፣ ሩብ። ትንሽ ዝቅ። መታ።» እንዲህ ዓይነት መስመር ወረቀቱን ሲሞላው ልጁ መገመት ትቶ ማወቅ ይጀምራል። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቷን እንደ ሒሳብ ደብተሯ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምትይዘው።

ለምን እንደሚሆን ከገባችሁ ደግሞ ይቀላል። ጥይቱ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ንፋሱ የበለጠ ይገፋዋል። ከፍ አድርጋችሁ ከተኮሳችሁ ብዙ ይቆያል፣ ብዙ ይታጠፋል። ዝቅ አድርጋችሁ በሙሉ ጉልበት ከሰደዳችሁት ንፋሱ ብዙም አያገኘውም። ስለዚህ ንፋሱ ከፊታችሁ ሲመጣና መሃል ላይ ተራራ ከሌለ ዝቅ ብላችሁ ተኩሱ። ንፋሱ ከኋላችሁ ሲሆን ከፍ አድርጉት፣ ተራራውን ራሱ ንፋሱ ያሻግርላችኋል። ተጋጣሚያችሁ ጥግ ውስጥ ተደብቆ ንፋሱ ወደ እናንተ ከበረታ፣ አልፎት እንዲሄድ ሽቅብ ሰዳችሁ ንፋሱ መልሶ አናቱ ላይ እንዲጥለው ማድረግም ይቻላል። ይሄኛው ሲሳካ ቤቱ በ«አብሽር!» ይናጋል።

የእጅ ቦምብን ንፋስ አይነካውም። እሱ የሚፈልገው ሰዓት ነው። ከመወርወራችሁ በፊት ከ1 እስከ 5 ያለውን ቁጥር ብትጫኑ በዚያ ሰከንድ ይፈነዳል። ቦምቡ መሬት ሲነካ ይነጥራል፣ ቁልቁለት ላይ ይንከባለላል። ዳገት ላይ ያለውን ለመምታት ሰዓቱን አሳጥሩ፣ አለበለዚያ ቦምቡ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። ዋሻ ውስጥ ለተደበቀ ደግሞ አርዝሙት፤ ግድግዳ መትቶ ይግባ።

ሾትጋን ለቅርብ ነው። ቀጥታ ይሄዳል፣ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ያስተኩሳል። ድማሚት 5 ሰከንድ ይሰጣችኋል፤ አስቀምጣችሁ ሩጡ። የቀረውን እየሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። ሐብሐብ የሚመስል ቦምብም፣ በእግሩ የሚሄድ ኬክም አለ። ልጆች እነሱን ሲያዩ ባዙካውን ይንቁታል። አትፍቀዱላቸው። ባዙካና የእጅ ቦምብ በተለመደው አጨዋወት አያልቁም፣ የሚያዋጣውም የማያልቀውን መልመድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ጃርት ሲጀምር 100 የሕይወት ጉልበት አለው። ባዙካ በትክክል ቢመታው የሚቀንሰው ቢበዛ 50 ነው። ጤነኛ ጃርት ለመጣል ስለዚህ ሁለት ፍጹም ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ውሃው ግን አይቆጥርም። ከሜዳው ሥር ያለው ውሃ ውስጥ የገባ ጃርት 100ም ይኑረው 1 በአንዴ አለቀ። ከባዙካውም ከድማሚቱም የሚበልጠው መሣሪያ ውሃው ነው፤ ለሁላችሁም እኩል የተሰጠ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። ተጋጣሚያችሁ ጠርዝ ላይ ከቆመ የምትመርጡት ብዙ የሚጎዳውን መሣሪያ ሳይሆን የሚገፋውን ነው። ባለ ወረቀቷ ልጅ አንድ ቀን የቀራት ጃርት አንድ ነበር፣ ጉልበቱ አልቆ የቀረው ትንሽ። የተጋጣሚዋ 100 ይዞ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ሁሉም «ባዙካ! ባዙካ!» ይላል። እሷ ምንም አልመለሰች። ጃርቷን በዝግታ አስኬደች፣ አንድ ጉድጓድ አዘለለች፣ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ጀርባው ደረሰች። ቤዝቦል ዱላውን አወጣች፣ ወደ ላይ ትንሽ አነሳችው፣ መታችው። ልጁ ጃርቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቱን ይዞ ተነሳ። ዱላው በራሱ የሚቀንሰው 30 ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ከተኮሳችሁ በኋላ የት እንደምትቆሙ ከመተኮሳችሁ በፊት ወስኑ። አንድ ተራ 45 ሰከንድ ነው። ብዙ ልጅ አርባውን በማለም ያባክነዋል። መጀመሪያ ሂዱ። ጥሩ መቆሚያ ፈልጉ። ከዚያ ተኩሱ። ከተኮሳችሁ በኋላም ለመሸሽ ጥቂት ሰከንድ ይቀራችኋል፣ እጃችሁን ከኪቦርዱ አታንሱ። ከደሴ ቁልቁል በሚወርደው የሐረጎ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ገደሉን ትቶ ተራራውን ይዞ ነው የሚሄድ፤ የእናንተም ጃርት እንዲሁ ይሂድ። ጀርባው ላይ ግድግዳ ያለው ጃርት ሲመታ እዚያው ይቀራል። ጀርባው ክፍት የሆነው ይንሸራተታል።

ጃርቶቻችሁን አንድ ላይ አታቁሙ። አንድ ፍንዳታ ለሦስት ይደርሳል። በርሜል አጠገብም አትቁሙ፣ በርሜሉ ራሱ ይፈነዳል። መሬት ላይ የተበተኑት ፈንጂዎች የቀረባቸው ሲኖር 3 ሰከንድ ቆጥረው ይፈነዳሉ፤ ድምፅ ከሰማችሁ ዝለሉ። እና ይሄን ልብ በሉ፦ በራሳችሁ ተራ ከከፍታ ወድቃችሁ ከተጎዳችሁ ተራው ያኔውኑ ያልፋል። ቸኩሎ የዘለለ ሳይተኩስ ይቀመጣል።

ተጋጣሚው በተራው ሲጫወት ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ቀጣዩ ተራ የየትኛው ጃርታችሁ እንደሆነ እዩ። ጃርቶች በቅደም ተከተል ነው የሚወጡት፣ ስለዚህ ሁለት ተራ ቀድሞ ማሰብ ይቻላል። እኔ ቤት አንድ ሕግ አለ። ተራ የሌለው ልጅ ኪቦርድ አይነካም፣ ምክር ግን መስጠት ይችላል። ምክሩን መቀበል አለመቀበል የባለ ተራው ነው። ታላቅ ወንድም ታናሹን እጁን ገፍቶ «ስጠኝ እኔ ልምታልህ» ካለ ተራውን ያጣል። ልጅ የሚማረው ራሱ ሲስት ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒውተር ካላችሁ በኔትወርክ ተጫወቱ። በኬብል ካልተገናኙ የስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እሱ ላይ አገናኙ። ዳታ ማብራት አያስፈልግም። አንዱ በአካባቢ ኔትወርክ ጨዋታ ይከፍታል፣ ሌሎቹ ይገባሉ። ዊንዶውስ «ልፍቀድ?» ብሎ ከጠየቀ ፍቀዱ፤ አለመገናኘት ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ጋ ነው።

ጨዋታው 15 ዙር (ሁሉም ቡድን አንዴ ሲጫወት አንድ ዙር ነው) ካለፈ ውሃው ከፍ ማለት ይጀምራል፣ የሁሉም ጃርት ጉልበትም በየተራው ይቀንሳል። ለዚህ ከአሥረኛው ዙር ጀምሮ ተዘጋጁ። ታች ያሉትን ጃርቶች አንድ በአንድ ወደ ላይ አውጡ፣ ለመተኮስ የማይመች ተራ ሲገጥማችሁ ለመውጣት ተጠቀሙበት። ገመድና ቴሌፖርት (ጃርቱን ወዲያው ሌላ ቦታ የሚያደርሰው) ካላችሁ ቀደም ብላችሁ አታባክኑት፣ ለዚህ ሰዓት ይቆይ። ከፍ ካለው ቦታ ጠፍጣፋውን ምረጡ። ሹል ጫፍ ላይ የወጣ ጃርት ውሃው ሳይደርስበት አንድ ፍንዳታ ይጥለዋል።