አንገት ላይ እባጭ ሲገኝ፦ ከመርፌው በፊት ቢላ አይቅደም

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ ይቀመጣል። እዚያ ላይ የሚወጣውን እብጠት ሁላችንም እንቅርት እንለዋለን። ከ100 የታይሮይድ እባጮች 90 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። የቀሩትን ግን በእጅ ዳሶ ወይም በመጠን ብቻ መለየት አይቻልም፤ ትልቁ ደህና፣ ትንሹ ካንሰር ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ይቁሙ። አገጭዎን ቀና አድርገው አንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጡና አንገትዎን ይመልከቱ። እባጩ አብሮ ወደ ላይ ወጥቶ ከተመለሰ ከታይሮይድ የመነጨ መሆኑ ያመዝናል። ካልተንቀሳቀሰ ንፍፊት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዕጢው ከዙሪያው ሥጋ ጋር ተጣብቋል፣ ይህ ደግሞ ያሳስባል። ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ እንቅርት በሳምንታት ውስጥ ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መተኮስና መብጣት ዕጢውን አይለውጡትም፤ ትርፉ ጠባሳና ኢንፌክሽን ነው።

ሐኪሙ የሚያዘው የመጀመሪያ የደም ምርመራ ቲኤስኤች ነው፤ ይህ ከአንጎል ሥር የሚመነጭና ታይሮይድን የሚያዝ ሆርሞን ነው። ውጤቱ ከመጠን በታች ከሆነ ዕጢው ሆርሞን እያበዛ ሊሆን ስለሚችል በኒውክሌር ስካን (ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ተሰጥቶ በሚነሳ ምስል) ይታያል፤ ሆርሞን የሚያመርት «ትኩስ» እባጭ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ቲኤስኤች ደህና ወይም ከፍ ያለ ከሆነ ወሳኙ አልትራሳውንድ ነው። የሚያጠራጥረው ጠጣርና ጠቆር ያለ፣ ዳሩ የተሸራረፈ፣ ደቃቅ የካልሲየም ነጥቦች ያሉበት ወይም ከወርዱ ቁመቱ የሚበልጥ እባጭ ነው። እንዲህ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ከሞላ በመርፌ ናሙና ይወሰድለታል። ጥርጣሬው ዝቅተኛ ሲሆን 1.5፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠበቃል። ውኃ ብቻ የቋጠረ ከሆነ ለምርመራ ተብሎ አይወጋም።

ኤፍኤንኤ የሚባለው የመርፌ ምርመራ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ትከሻ ሥር ትራስ ይደረግና አንገት ወደ ኋላ ይዘነበላል፤ መርፌው ውስጥ እያለ መናገርም መዋጥም አይገባም። ቀጭን፣ 25 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ ከሁለት እስከ አምስት ጊዜ ይወጋል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ በኃይል ሲሳብ ናሙናው የሚቀባበት መስታወት (ስላይድ) በደም ይሞላል፤ አልኮል ውስጥ መግባት ያለበት ስላይድ ከዘገየ ደግሞ ሴሎቹ ይደርቃሉ። ናሙና በቂ የሚባለው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ሴል ያላቸው 6 ክምችቶች ሲታዩበት ነው። «በቂ አይደለም» የሚል ውጤት ካንሰር የለም ማለት አይደለምና በአልትራሳውንድ እየታየ ይደገም።

ውጤቱ ቤቴስዳ በሚባለው መለኪያ ከ1 እስከ 6 ይሰጣል። 2 ደህና ነው፣ ክትትል ይበቃዋል፤ 6 ካንሰር ነው። 4 ቁጥር ግን ያደናግራል፤ ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ እባጭ ተጠርጥሯል ማለት ነው። ይህ እባጭ ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሮቹን ሰብሮ ሲገኝ ነው፤ መርፌ ሴል እንጂ ሽፋን አያሳይም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ታይሮይድ ወጥቶ በፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ) ይመረመራል። አዮዲን በሚያንስባቸው አካባቢዎች የዚህ ዓይነቱ ድርሻ ከፍ ስለሚል ለእኛ አገር ሕመምተኞች ጉዳዩ ቅርብ ነው።

በብዛት የሚገኘው ፓፒላሪ የሚባለው ካንሰር ሲሆን በጊዜ ከተያዘ ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው። ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ካልተሰራጨ አንዱን ጎን ማውጣት ሊበቃ ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ ወይም ንፍፊት ውስጥ ከገባ ሙሉው ይወጣል። ሜዱላሪ የሚባለው ሌላው የታይሮይድ ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ይህ ካንሰር የሚያመነጨው ካልሲቶኒን የተባለ ሆርሞን በደም ይለካል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ ላይ እባጭ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ይህ ከታለፈ ሰመመን ላይ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አንገት ከተወጠረና ትንፋሽ ካጠረ ደም እየተጠራቀመ ነውና ነርስ በፍጥነት ይጠራ። በቀጣዮቹ ቀናት ከንፈርና የጣት ጫፍ ከደነዘዘ ካልሲየም ወርዷል ማለት ነው፤ ከታይሮይድ አጠገብ ያሉት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሲነኩ ይከሰታል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀሩ የታይሮይድ ሴሎችን የሚያጠፋው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለሁሉም አይታዘዝም። ለታዘዘለት፣ ከመውሰዱ በፊት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይቅርበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፈጽሞ አትወስደውም።

ሙሉው ዕጢ ከወጣ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ዕድሜ ልክ ይዋጣል። መነሻው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 100 ይጠጋል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጥ፤ ቡናና ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የአይረንና የካልሲየም እንክብል ከ4 ሰዓት በኋላ ይሁን። የሚጾም ሰው ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሲተኛ ሊወስደው ይችላል፤ ሰዓቱን ሲቀይር ለሐኪሙ ይንገር። ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካል፤ ሙሉው ዕጢ ለወጣለት ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው የታይሮግሎቡሊን የደም ምርመራም ይጨመራል። እርግዝና እንደታወቀ መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ የሚያስፈልገው መጠን ስለሚጨምር ቲኤስኤች ወዲያው ይለካ።